ከፋብሪካው ስም በፊት ሶኬቱ፦ ለጊታር አምፕሊፋየር ምትክ ቲዩብ ስለመምረጥ

የጊታር አምፕሊፋየሩን ቲዩብ፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላውን የመስታወት ብልቃጥ፣ ሊቀይር የተነሣ ሙዚቀኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ «የትኛው ፋብሪካ የሠራው ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔም መልሼ «ለየትኛው ሶኬት?» እለዋለሁ፤ ቲዩቡ የሚሰካበትን ቦታ ማለቴ ነው። ይህ አመላለስ ሰውን እንደሚያሰለች ዐውቃለሁ፤ ጠያቂው የሚፈልገው አንድ ስም ሰምቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መድረክ ላይ ያማረ ድምፅ መስማት ነውና። ሆኖም በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሐበሻ ምግብ ቤቶችና በሠርግ አዳራሾች ለሚጫወቱ ወዳጆቼ አምፕሊፋየር ስጠግን በቆየሁባቸው ዓመታት ያረጋገጥሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ያው አንዱ ቲዩብ በአንዱ ሶኬት ላይ ሲሰካ አምፕሊፋየሩን ሌላ ሲያደርገው፣ በሌላው ሶኬት ላይ ሲሰካ ግን መቀየሩ እንኳ የማይታወቅ መሆኑን ነው። ስለ ፋብሪካ ስሞች የሚደረገው ክርክር ማለቂያ ያጣው ተከራካሪዎቹ ጆሯቸው ስለሚለያይ ብቻ አይመስለኝም፤ አንዱ የሚያወራው ስለ አንድ ሶኬት፣ ሌላው ስለ ሌላ ሶኬት ሆኖ ሳለ ሁለቱም ይህን ሳይነጋገሩበት ስለሚቀሩ ጭምር ነው።

በፕሪአምፕ፣ ማለትም የጊታሩን ደካማ ድምፅ መጀመሪያ በሚያጎላው ክፍል፣ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቲዩብ 12ኤኤክስ7 ነው። የአሜሪካው አርሲኤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በ1940ዎቹ፣ ያወጣው ሲሆን አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሉታል። ዘጠኝ እግር ያለው አንድ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይሁን እንጂ በውስጡ ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ማጉያዎች ይዟል፤ ስለዚህ አንድ ቲዩብ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሚቀየሩት ሁለት የማጉያ ደረጃዎች ናቸው። ይህን ልብ ማለት በኋላ ለምደርስበት ስሌት ይጠቅማል። ቲዩቡ ወንድሞችም አሉት። በመግለጫ ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው የማጉላት አቅም ለ12ኤኤክስ7 100፣ ለ5751 70፣ ለ12ኤቲ7 60፣ ለ12ኤዋይ7 44፣ ለ12ኤዩ7 ደግሞ ከ17 እስከ 20 ነው። የአምስቱም የእግር አሰላለፍ አንድ በመሆኑ ብየዳ ሳያስፈልግ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ይቻላል፤ ሰውን እንደ ልቡ እንዲለዋውጥ የሚያስጎመጀውም ይኸው ነው። ነገር ግን ዘጠኝ እግር ያለው ሁሉ የዚህ ቤተሰብ አባል አይደለም። የሶቪየቱ 6ኤን2ፒ የማጉላት አቅሙ ከ12ኤኤክስ7 ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም ማሞቂያው (ኤሌክትሮን የሚያመነጨውን ካቶድ የሚያግለው ሽቦ) የሚገናኘው በሌላ አኳኋን ስለሆነ ሽቦው ሳይቀየር አይሠራም። ኢሲሲ88 ደግሞ ሶኬቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ግን የተሠራው ለዝቅተኛ ቮልት ስለሆነ በጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ ፕሌቱ (ኤሌክትሮኖቹን የሚቀበለው ብረት) ላይ የሚያርፈውን ከ200 ቮልት የሚበልጥ ግፊት የሚችል አይደለም። በርካሽ ያገኙትን ነገር ስለ ገጠመ ብቻ ሰክቶ መብራት መልቀቅ አይገባም።

ነገሩን በአንድ አምፕሊፋየር ላይ ማየቱ ይሻላል፤ የምመርጠውም የፌንደርን ዴሉክስ ሪቨርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ፣ 22 ዋት ገደማ የሚሰጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣበት ዕቃ ነው። በትዝታም ሆነ በባቲ ቅኝት ጊታሩ የክራሩን መንገድ ተከትሎ ኖታዎቹን አንድ በአንድ እየነጠለ ለሚጫወት ሰው፣ ንጹሕ ድምፁና ሪቨርቡ፣ ማለትም የሚያስተጋባው ድምፅ፣ ይስማሙታል። ከኋላ ሲያዩት ቲዩቦቹ ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል፤ የፕሪአምፑ ስድስት ሲሆኑ ቆጠራው የሚጀምረው ከቀኝ ነው። ቪ1 የኖርማል ቻናሉ፣ ቪ2 የቫይብራቶ ቻናሉ ነው። ቪ3 ሪቨርቡን ይነዳል፤ ቪ4 ከሪቨርቡ ስፕሪንግ ደክሞ የተመለሰውን ድምፅ ያነሣል፣ በዚያው ሁለተኛ ግማሹም የተቀላቀለውን ድምፅ አንድ ጊዜ ደግሞ ያጎላል። ቪ5 ትሬሞሎውን፣ ማለትም የድምፁን ከፍና ዝቅ ማለት፣ ያወዛውዛል። ቪ6 ደግሞ ፌዝ ኢንቨርተር የሚባለው ነው፤ ድምፁን ተቃራኒ በሆኑ ሁለት መልኮች ከፍሎ ስፒከሩን ለሚነዱት ለሁለቱ ፓወር ቲዩቦች ያቀብላል። ቪ3 እና ቪ6 12ኤቲ7 ሲሆኑ የቀሩት አራቱ 12ኤኤክስ7 ናቸው። አብዛኛው ሰው ጊታሩን የሚሰካው ሪቨርብና ትሬሞሎ ባለው በቫይብራቶ ቻናል ስለሆነ ከሁሉ የሚበልጠው ሶኬት ቪ1 ሳይሆን ቪ2 ነው። «የመጀመሪያውን ቲዩብ ቀይር» የሚለውን ምክር ሰምቶ ቪ1ን የቀየረና «ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ የደመደመ ሰው አጋጥሞኛል፤ እውነቱን ነው፣ በማይጠቀምበት ቻናል ላይ ለውጥ ሊሰማ አይችልም።

አንድ ወጣት ጊታሪስት ይህንኑ አምፕሊፋየር በመኪናው ኋላ ጭኖ አመጣልኝና «ጋሼ፣ ድምፁ ሞቷል፤ ምናልባት ትራንስፎርመሩ ይሆን?» አለኝ። ጀርባውን ከፍቼ በቪ2 ላይ ያለውን የብረት ቆብ ወደ ላይ ገፋ፣ ትንሽም ዞር አድርጌ ሳወጣው ከሥሩ አዲስ 12ኤዩ7 ብቅ አለ። ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል የሚል አንብቦ ኖሯል። ትራንስፎርመሩ ደኅና ነበር፤ ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በመግለጫው ላይ የተጻፈው 100 የቲዩቡ ጣሪያ እንጂ አምፕሊፋየሩ ውስጥ በተግባር የምናገኘው አይደለም። በፌንደር አሠራር 100 ኪሎ ኦም የፕሌት ሬዚስተር ተገጥሞለት 12ኤኤክስ7 የሚሰጠው 60 እጥፍ ያህል ነው። 5751 በዚያው ቦታ ወደ 44፣ 12ኤዋይ7 ወደ 35፣ 12ኤዩ7 ወደ 16 እጥፍ ይሰጣል። በድምፅ መጠን መለኪያው በዴሲቤል ሲለካ ከ12ኤኤክስ7 ወደ 5751 መውረድ ለአንድ ደረጃ የ3 ዴሲቤል ያህል ቅናሽ ነው፤ ከመቶ ወደ ሰባ መውረድ ሲባል እንደሚያስፈራው አይደለም፣ ጆሮም ብዙ አይጨነቅበትም። ግን በዴሉክስ ሪቨርብ ቪ2 ውስጥ ሁለቱም ግማሾች የሚሠሩት ለዚያው አንድ ቻናል ነው፤ አንደኛው ከቶን ማስተካከያው በፊት፣ ሁለተኛው ከቮሊዩሙ በኋላ። ስለዚህ ቅናሹ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፦ 5751 ከ5 እስከ 6 ዴሲቤል፣ 12ኤዋይ7 10 ዴሲቤል ገደማ፣ የወጣቱ 12ኤዩ7 ደግሞ ከ20 ዴሲቤል በላይ ያስወርዳል። 10 ዴሲቤል መውረድ ለጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል እንደሚሰማ ካሰብን፣ ልጁ ትራንስፎርመሩን ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

አሁን ደግሞ ሌላ አምፕሊፋየር እንመልከት። የፌንደር ቤዝማን 5ኤፍ6-ኤ የሚባለው የ1950ዎቹ መጨረሻ ሞዴል ቪ1 ላይ ከፋብሪካው ሲወጣ የነበረው ራሱ 12ኤዋይ7 ነው። በዚህኛው ግን የቲዩቡ ሁለት ግማሾች ለሁለት የተለያዩ ቻናሎች ተከፋፍለዋል፤ ጊታሩ የሚያልፈው በአንደኛው ብቻ ነው። ጂም ማርሻል ለንደን ባለው ሱቁ ከባልደረቦቹ ጋር በ1962 ይህንኑ ቤዝማን መነሻ አድርጎ ጄቲኤም45 የተባለውን ሲያሠራ፣ በመጀመሪያው ሶኬት ላይ የገባው 12ኤዋይ7 ሳይሆን ኢሲሲ83 ነበር፤ የማርሻል አምፕሊፋየር ቮሊዩሙ ገና ትንሽ ከፍ ሲል ድምፁ መሰንጠቅ እንዲጀምር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። እንግዲህ በማርሻል ቪ1 ላይ 12ኤዋይ7 የሚሰካ ሰው 5 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ወደ ቤዝማኑ ጠባይ ይጠጋል፤ በዴሉክስ ሪቨርብ ቪ2 ላይ የሚሰካው ደግሞ የዚያን እጥፍ ይቀንሳል። አንደኛው «ግሩም ነው» ብሎ ይመሰክራል፣ ሁለተኛው «አፈነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

የማጉላት አቅሙ ሲቀንስ ከሚመጡት ለውጦች አንዱ ብዙም አይነገርለትም። በቲዩቡ ውስጥ፣ ድምፁ በሚገባበት በግሪዱና በፕሌቱ መካከል ያለችው ከ2 ፒኮፋራድ የምታንስ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም አቅም) በማጉሊያው መጠን ተባዝታ ለግሪዱ ትታየዋለች፤ በ12ኤኤክስ7 ላይ ወደ 100 ፒኮፋራድ ትደርሳለች ማለት ነው። በዴሉክስ ሪቨርብ ቪ2፣ ጊታሩ በቀጥታ በሚገባበት የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ይህ ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ግማሽ ግን ከፊቱ 1 ሜጋ ኦም የሆነ የቮሊዩም ፖቴንሽየሜትር አለበት፤ ቮሊዩሙ መካከል ላይ ሲሆን ይህች 100 ፒኮፋራድ ከ6 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ መሸራረፍ ትጀምራለች። አነስ ያለ ማጉያ ሲገባ ያን ያህል አትሸራርፍም። ብዙ ሰዎች 5751 ሲሰኩ «ድምፁ ተከፈተ፣ አየር አገኘ» የሚሉት ከምኞት የመጣ ብቻ አይደለም፤ የሚለካ ምክንያት አለው።

ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ጆሯችን ደግሞ ትንሽ መናገር ይኖርብኛል። ከሁለት ቲዩቦች አንዱ በ1 ዴሲቤል ብቻ ቢበልጥ፣ ሰሚው ጮክ ያለውን «ሞቅ ያለ»፣ «ሕይወት ያለው» ብሎ ይመርጠዋል እንጂ «ጮክ ያለ» አይለውም። በአንድ ሞዴል ስም ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት አዳዲስ ቲዩቦች እንኳ በማጉላት ይህን ያህል ሊለያዩ ይችላሉ። በዚያ ላይ ቲዩቡ እስኪበርድ፣ ተቀይሮም እስኪሞቅ የሚያልፉት ደቂቃዎች የቀድሞውን ድምፅ ከትውስታ ለማጥፋት በቂ ናቸው፤ ጣቶቻችንም ሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይመቱም። እኔ ለማወዳደር ስፈልግ ሉፐር ፔዳል ላይ አንድ አጭር የአንቺሆዬ ሐረግ ቀድቼ፣ ያንኑ ቅጂ ወደ አምፕሊፋየሩ እየላክሁ፣ በስልኬ የድምፅ መለኪያ ቮሊዩሙን እኩል አድርጌ አዳምጣለሁ። በዚህ መንገድ ሲሰሙ አሁን በገበያ ላይ ባሉ ደኅና 12ኤኤክስ7ዎች መካከል የሚቀረው ልዩነት ትንሽ ነው። የለም አልልም። የስሎቫኪያው ጄጄ ከላይ ትንሽ ለስለስ ያለ፣ የሩሲያው ተንግ ሶል ትንሽ ጠርቶ የሚሰማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነገር ግን የትሬብል ቁልፉን በጥቂቱ ማዞር ከሚያመጣው ለውጥ አይበልጥም፤ ቁልፉን ማዞር ደግሞ ነጻ ነው።

እንግዲያስ ከቪ2 ቲዩብ የምፈልገው ምንድን ነው? ዝም ማለትን። በዚህ ሶኬት ላይ ያለ ማንኛውም ትርፍ ድምፅ ከኋላው ባሉት ደረጃዎች ሁሉ ተባዝቶ ስፒከሩ ጋ ይደርሳል። ትርፍ ድምፅም ዓይነት አለው፦ ያለማቋረጥ ሽሽ የሚል፣ አልፎ አልፎ ጠሽ ጠሽ እያለ የሚንጣጣ፣ እንዲሁም ከሁሉ የከፋው ማይክሮፎኒክ የሚባለው፣ ማለትም በቲዩቡ ውስጥ ያሉት ስስ ብረቶች ላልተው ንዝረትን ወደ ድምፅ የሚለውጡበት ሁኔታ። የሚመረመረው በእርሳስ ነው። አምፕሊፋየሩ በርቶ፣ ቮሊዩሙ መካከል ላይ ሆኖ፣ ጊታሩ ተነቅሎ፣ በእርሳሱ ላጲስ በኩል ቲዩቡን ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ደኅናው ቲዩብ ከስፒከሩ «ጠብ» የምትል አጭር ድምፅ ያሰማና ወዲያው ዝም ይላል፤ ይህ የተፈጥሮው ስለሆነ ማንም አይደንግጥ። የተበላሸው ግን እንደተመታ ብርጭቆ «ጥንንን» ብሎ ይቆያል፤ ቮሊዩሙ ከፍ ሲልም ራሱን በራሱ እየመገበ መጮኽ ይጀምራል። ዴሉክስ ሪቨርብን በመሳሰሉ አምፕሊፋየሮች ስፒከሩና ቲዩቦቹ በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለሚኖሩ ይህ ጠባይ ይበልጥ ይታያል። የእንግሊዙ ቮክስ የመጀመሪያዎቹን ኤሲ30ዎች ኢኤፍ86 በተባለ ከፍተኛ ማጉሊያ ባለው ቲዩብ ሠርቶ ኋላ ወደ ኢሲሲ83 የዞረው በዚሁ የማይክሮፎኒክ ችግር ነበር። በአንድ ሣጥን ውስጥ ለሚኖር አምፕሊፋየር ረጅም ፕሌት ያላቸውን ቲዩቦች የማልመርጠውም ለዚህ ነው፤ ብረቱ ረዝሞ በቆመ ቁጥር ለንዝረት የተጋለጠ ነው። ራሱን ችሎ ከስፒከሩ ተለይቶ ለሚቀመጥ አምፕሊፋየር ግን ምንም አልል።

ለመመርመር ሁልጊዜ አዲስ ቲዩብ መግዛት አያስፈልግም። ቪ1 እና ቪ2 አንድ ዓይነት ስለሆኑ ቦታ ማቀያየር ይበቃል፤ ሽሽታው ወደ ሌላው ቻናል ከተዛወረ ጥፋተኛው ቲዩቡ ነው፣ እዚያው ከቀረ ጥፋቱ ከቲዩቡ ውጭ ነው። በቆዩ አምፕሊፋየሮች ላይ ብዙ ጊዜ የፕሌት ሬዚስተሩ አርጅቶ ወይም ሶኬቱ ዝጎ ይገኛል።

ስለ ቪ3 ብዙ የምለው የለኝም። ሁለቱ ግማሾቹ በአንድነት ተጣምረው፣ ከ400 ቮልት በላይ እየተጫነባቸው፣ ሪቨርቡን በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ይነዳሉ፤ ጉልበት ይጠይቃልና የ12ኤቲ7 ቦታ ነው። ሪቨርቡ ቁልፉ 2 ላይ ሲደርስ ጎርፍ የሚሆንበት ሰው በዚህ ቦታ 12ኤዩ7 ቢሰካ ያረጋጋዋል፤ ያ ወጣት ያመጣው ቲዩብም በመጨረሻ ሥራ ያገኘው እዚሁ ነው። ቪ4 እንደ ቪ2 ጸጥ ያለ ቲዩብ ይፈልጋል፣ ከስፕሪንጉ የሚመጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ነውና። በቪ6 ላይ ግን ሻጮች ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ «ሁለቱ ግማሾች ተለክተው የተመጣጠኑ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ዋጋውን ያንሩታል። የፌንደር መሐንዲሶች ግን የዚህ ደረጃ ሁለት ጎኖች በተፈጥሮ እኩል እንደማያጎሉ ዐውቀው ፕሌቶቹ ላይ 82 እና 100 ኪሎ ኦም የሆኑ የተለያዩ ሬዚስተሮችን አስቀምጠዋል። ሬዚስተሮቹ ራሳቸው ከተጻፈባቸው ዋጋ 10 በመቶ ሊዛነፉ በሚችሉበት ዕቃ ላይ፣ ቲዩቡ በግማሽና በግማሽ ፍጹም እኩል ነው ብሎ ትርፍ መክፈል ለእኔ አይዋጥልኝም።

ወደ ማርሻልና ወደ ቤዝማን ስንመለስ ግን ጥንቃቄ የሚሻ ሌላ ሶኬት አለ። በእነዚህ አምፕሊፋየሮች ከቶን ማስተካከያው በፊት ያለው ቪ2 በግማሹ ካቶድ ፎሎወር፣ ማለትም ድምፁን ከፕሌቱ ሳይሆን ከካቶዱ የሚያወጣ፣ ሆኖ ይሠራል። በዚህ አሠራር ካቶዱ መሬት አካባቢ በመቀመጥ ፈንታ ወደ 150 ቮልትና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ማሞቂያው ግን መሬት አጠገብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መከለያ የሚችለው እስከ 180 ቮልት እንደሆነ በመግለጫው ላይ ተጽፏል፤ በአንዳንድ ማርሻሎች ይህ ጣሪያ ይነካል። እዚህ ላይ ቲዩቡ ጣፋጭ ድምፅ አለው የለውም ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት ቦታውን ይችለዋል ወይ የሚለው ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ቲዩቦች በሌላው ሶኬት ሁሉ ደኅና እየሠሩ በዚህ ቦታ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይሞታሉ። ሲገዙ ሻጩን «ለካቶድ ፎሎወር ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው የማይገባው ሻጭ ከሆነ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

አንዳንዱ ጉርምርምታ ደግሞ በቲዩብ መቀየር አይድንም፤ ለዚህ ጊታሩ ራሱ መለኪያ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ መብራቱ 60 ኸርትዝ ነው፤ የመብራቱን ሞገድ የሚያለዝቡት የፊልተር ካፓሲተሮች ሲያረጁ የሚሰማው ጉርምርምታ ግን የዚያ እጥፍ፣ 120 ኸርትዝ ነው፤ ይህም ከአምስተኛው ገመድ ሁለተኛ ፍሬት ቢ ኖታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሰማል። አዲስ አበባ ላይ መብራቱ 50 ኸርትዝ ስለሆነ የካፓሲተሩ ጉርምርምታ 100 ኸርትዝ፣ በስድስተኛው ገመድ ሦስተኛ ፍሬት ላይ ካለው ጂ ኖታ አጠገብ ያርፋል። ጉርምርምታው ከነዚህ ኖታዎች በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚሰማ ከሆነ ከማሞቂያው ወደ ካቶዱ የሚፈስ ነገር አለ ማለት ነውና ያን ጊዜ ቲዩቡን መጠርጠር ያስኬዳል።

አዲስ አበባን ካነሣሁ አይቀር፣ ከአሜሪካ አምፕሊፋየር ይዘው ለሚገቡ ወገኖች የምለው አለኝ። ባለ 120 ቮልቱን አምፕሊፋየር በ220 ቮልት ላይ የሚያስጠቅመው ማውረጃ ትራንስፎርመር ብዙ ጊዜ ግማሹን ነው የሚሰጠው፦ 110 ቮልት። በዚህ ላይ 6.3 ቮልት መሆን ያለበት የቲዩቡ ማሞቂያ 5.8 ቮልት ገደማ ያገኛል፤ የተፈቀደው መዋዠቅ 10 በመቶ ስለሆነ እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ማታ ማታ መብራት ደክሞ 190 ቮልት ሲወርድ ግን ማሞቂያው ወደ 5 ቮልት ይወርዳል፤ ካቶዱ በቂ ኤሌክትሮን ማመንጨት ያቅተዋል፣ ድምፁ ይፈዝዛል፣ ባለቤቱም ቲዩቡ አርጅቷል ብሎ ከአሜሪካ በሰው በሰው አዲስ ያስመጣል። አዲሱም ማታ ሲሆን እንደ አሮጌው ይፈዝዛል። ለዚህ መድኃኒቱ ጥሩ ስታቢላይዘር ነው። ለ60 ኸርትዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርትዝ ላይ ይበልጥ ስለሚሞቅም ለረጅም ሰዓት ሲጫወቱ በእጅ እየዳሰሱ ሙቀቱን መከታተል አይከፋም።

አሁን፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ ወደ ፋብሪካዎቹ ስም ልምጣ። በዛሬው ዓለም የፕሪአምፕ ቲዩብ በብዛት የሚሠራባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ በሩሲያ ሳራቶቭ ያለው ፋብሪካ፣ በስሎቫኪያ ቻድትሳ ያለው ጄጄ፣ እንዲሁም የቻይና ፋብሪካዎች። በካርቶኑ ላይ የሚታየው ስም ግን ከዚህ እጅግ ይበዛል። ሶቭቴክ፣ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ፣ ተንግ ሶል፣ የዛሬው ሙላርድ ሁሉም ከሳራቶቭ ይወጣሉ፤ የአምፕሊፋየር ኩባንያዎችም በራሳቸው ዓርማ የሚሸጡትን ቲዩብ የሚገዙት ከነዚሁ ነው። የድሮው ሙላርድ በእንግሊዝ ብላክበርን ይሠራ የነበረው ነው፤ የዛሬው ስሙን እንጂ ፋብሪካውን አልወረሰም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሩሲያ ወደ ውጭ የሚላኩ ብዙ ዓይነት ሸቀጦችን ባገደች ጊዜ የሳራቶቭ ባለቤት የሆነው የአሜሪካ ኩባንያ ቲዩብ ማስገባት እንደማይችል አስታወቀ፤ በሰሞኑም ሰው ያገኘውን ሁሉ እያፈሰ ዋጋው ናረ። በኋላ አቅርቦቱ ቢመለስም፣ ብዙዎች በካርቶን ላይ ያሉት ስሞች ሁሉ ከአንድ ደጃፍ እንደሚወጡ ያወቁት ያኔ ነው።

ስለ ድሮዎቹ፣ በተለይም ስለ ጀርመኑ ቴሌፉንከን፣ የሚነገረው ምስጋና ያለ ምክንያት አይደለም። ለሬዲዮ ጣቢያ፣ ለስልክና ለመለኪያ መሣሪያ የተሠሩ፣ በዚያ ዘመን ትልቅ ኢንዱስትሪ የሚጠብቃቸው ቲዩቦች ነበሩ፤ ጸጥታቸውና ዕድሜያቸው ይታወቃል። ነገር ግን ዋጋቸው የአዲሱን ብዙ እጥፍ ነው፤ ዋጋው ባለበት ደግሞ አታላይ አይጠፋም። በቴሌፉንከን ሥር፣ በእግሮቹ መካከል፣ መስታወቱ ላይ ተቀርጻ የምትገኘው የአልማዝ ቅርጽ ምልክት አንዷ ማረጋገጫ ናት። በላይ የተጻፈው ቀለም ግን በጣት ሲታሽ የሚለቅ፣ ማንም መልሶ ሊያትመው የሚችል ነው። ያገለገለ ቲዩብ ሲገዙ አናቱ ላይ ያለውን እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ልባጥ መመልከት ይገባል። ጌተር ይባላል፤ በውስጥ የሚቀረውን ርዝራዥ አየር የሚመጠው ባሪየም ነው። ነጭ ወተት መስሎ ከተገኘ አየር ገብቶበታልና ስሙ ምንም ይሁን ምን ሥራው አብቅቷል።

እኔ ለአንድ ዴሉክስ ሪቨርብ ስገዛ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልቀይርም። የፕሪአምፕ ቲዩብ እንደ ፓወር ቲዩብ ቶሎ የሚያረጅ አይደለም፤ ካልተበላሸ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፣ ሲቀየርም ባየስ (ቲዩቡ ድምፅ ሳይገባበት የሚያሳልፈውን ጅረት) ማስተካከል አያስፈልገውም። ሻጩ ለጸጥታው ለይቶ የመረመረውን፣ አጭር ፕሌት ያለውን አንድ ዘመናዊ 12ኤኤክስ7 ለቪ2 እገዛለሁ፤ ለዚህ ምርመራ የሚጠየቀውን ትርፍ ክፍያ ያለ ቅሬታ እከፍላለሁ፣ ለሌሎቹ ሶኬቶች ግን አልከፍልም። ከዚያ ውጭ አንድ ተራ 12ኤኤክስ7 እና አንድ 12ኤቲ7 በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ኪስ ውስጥ በመጠባበቂያነት ይቀመጣሉ። ቲዩቡን ስነቅል ቀጥ አድርጌ አልጎትተውም፤ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በትንሽ በትንሹ ክብ እያዞርሁ አላቅቀዋለሁ፣ እግሮቹ ስስ ናቸውና። ከወጣም በኋላ ወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ከየትኛው ሶኬት እንደ ወጣና ምን ጠባይ እንዳሳየ እጽፍበታለሁ። ማይክሮፎኒክ የሆነው ይጣላል። ሽሽ የሚለው ግን ጉልበቱ ያልደከመ ከሆነ ወደ ቪ5 ይዛወራል፤ የትሬሞሎ ቲዩብ ሥራው ማወዛወዝ እንጂ የጊታሩ ድምፅ በእሱ ውስጥ አያልፍም፣ ስለዚህ እዚያ ተቀምጦ እንደ ልቡ ቢያንሾካሹክ የሚሰማው የለም።